የቀትር ውሃ ቀጂዋ ትርንጎ

የትርንጎን መርዶ ያመጣልኝ አንድ የመዘዞ በግ ነጋዴ ነው። በጎቹን ሸጦ ጨርሶ፣ ከእኔ ቤት አጥር ስር ፀሐይ ሊሞቅ ተቀመጠና «አባባ፣ እዚህ አንኮበር ውስጥ ገብሬ የሚባል ፈሪ ሰው ያውቃሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። ገብሬ የሚባል ሰው በየሰፈሩ ሞልቷል፤ «ፈሪ» የሚለው ሲጨመርበት ግን ከእኔ በቀር የሚቀር የለም። ምን ፈልገኸው ነው አልኩት።

«መዘዞ እማማ ትርንጎ የሚሏቸው ባልቴት ነበሩ፤ አረፉ። ሳያርፉ ለዚያ ሰው መልእክት ሰጥተውኝ ነበር» አለኝ።

መልእክቱን ነገረኝና የቀረበለትን ጠላ ጠጥቶ ሄደ። እኔ ግን ፀሐይዋ እስክትዞር ድረስ ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም። መልእክቱን እናንተም ትሰማላችሁ፤ ነገር ግን ትርንጎን የማያውቅ ሰው ቢሰማው የባልቴት ቅዠት ነው ብሎ ስለሚያልፈው አስቀድሜ እሷን ላሳውቃችሁ።

ያኔ ንጉሡ ገና አንኮበርን አልለቀቁም፤ ክፉ ቀንም አልመጣም ነበር። እናቴ ከወይዘሮ ማዘንጊያ ቤት እህል ትፈጫለች፣ እኔ እንጨት እለቅማለሁ። ወይዘሮ ማዘንጊያ ሰፊ ግቢ፣ ብዙ አሽከርና ትንሽ ርኅራኄ የነበራቸው ሴት ናቸው። ትርንጎን ያመጣት አጎቷ ነው። አባቷ ጭነት ሲነዳ ቆላ ወርዶ በንዳድ ሞተ፤ እናቷ ብዙም ሳትቆይ ተከተለችው። አጎትየው ልጅቷን ከበሩ አቁሞ፣ የቀረበለትን እንጀራ በልቶ፣ ፊቱን ሳያዞር ወጣ። እሷም አላለቀሰችም። ከእኔ ጋር እኩያ ትመስላለች፤ አንገቷ ቀጭን፣ ዓይኗ ትልልቅ ነው። እናቴ አንድ ጊዜ አየቻትና «ይቺን ነፋስ ይወስዳታል» አለች።

ውሃ ቀጂ አደረጓት። ምንጩ ከአምባው በታች፣ ጥዶቹ ከገደሉ አፋፍ ላይ ተጠጋግተው ከበቀሉበት ጥግ ነው። ጠዋት ጠዋት የግቢ ውሃ ቀጂዎች ይዘውት ስለሚያረፍዱ ተራ ሰው ወረፋ ሲጠብቅ ይውላል። ወይዘሮ ማዘንጊያ መጠበቅ አይወዱም። ምንጩ ባዶ የሚሆነው ደግሞ በቀትር ብቻ ነው፤ በቀትር ማንም ወደዚያ ዝር አይልም። ስለዚህ ትርንጎን በቀትር ይልኳት ጀመር።

እናቴ አንድ ቀን ደፍራ «እሜቴ፣ ቀትር ለልጅ ደግ አይደለም» ብላቸው ነበር።

«የቀትሩ ጋኔን የሚፈልገው ወላጅ ያለውን ልጅ ነው» አሉ ወይዘሮ ማዘንጊያ። «የማንም ያልሆነች ምን ታደርግለታለች?»

ይህን ሲሉ ትርንጎ በሩ አጠገብ ቆማ እንስራዋን እያጠበች ነበር። ሰምታለች። እጇ ትንሽ ቆም ብሎ መልሶ ማጠቡን ቀጠለ።

በምንጩ ራስ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ውሃ ሊቀዳ የመጣ ሁሉ ከመቅዳቱ በፊት እፍኝ ቆሎ እዚያ ላይ ያኖራል፤ «ለባለቤቱ» ይላል። ባለቤቱ ማን እንደሆነ አይነገርም፤ ስሙን የጠራ እሱን መጥራቱ ነውና። ያንን ቆሎ ወፍ እንኳን ሲለቅመው አላየሁም። ከባለቤቱ ድርሻ የበላ የባለቤቱ ወገን ነው፣ ከሰው ወገን ይወጣል ይባላል፤ እኛ ልጆች ከእናት ጡት ጋር የጠባነው ነገር ነው። ሌላው የምናውቀው ደግሞ ባለቤቱ ብረት እንደሚፈራ ነው። እናቴ መርፌ በቁራጭ ቆዳ ሰፍታ አንገቴ ላይ አስራልኝ ነበር። ያቺ መርፌ ካንገቴ ወርዳ አታውቅም፤ ተኝቼ እንኳን በእጄ ይዣት ነው የማድረው።

በአንድ የጾም ወቅት ከቤቱ እንስራዎች አንዱ ተሰበረና ወይዘሮ ማዘንጊያ ጥፋቱን ለትርንጎ ሰጡ። «ብቻዋን ስታነሳው ነው የምትሰብረው፤ አንተ ውረድና ከጀርባዋ ላይ አንሳላት» አሉኝ። በቀትር። እንዴት እንደወረድኩ አሁንም አላውቀውም። እሷ ፊት ፊት ትሄዳለች፣ እኔ ኋላ ኋላ። መርፌዬን እንደያዝኩ ዳዊት ለመድገም እሞክራለሁ፣ ከመጀመሪያው መስመር ግን አላልፍም። ወፍ የለ፣ ነፋስ የለ። የሚሰማው የምንጩ ድምፅ ብቻ ነው።

ትርንጎ ከድንጋዩ አጠገብ ቁጭ አለችና ጠዋት ሰዎች ያኖሩትን ቆሎ ወደ አፏ ከተተችው።

«ምን ማድረግሽ ነው?» አልኳት መርፌዬን ጨብጬ።

«ርቦኝ ነው» አለች፣ እንደቀላል ነገር። «ደግሞ እሱ ራሱ ነው ያስለመደኝ። የመጀመሪያ ቀን ሰርቄ በላሁ፤ ይገድለኛል ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅሁ። በማግሥቱ ብመጣ ሁሉንም ከድንጋዩ ዳር ሰብስቦ አቆይቶልኛል። እርጥብ ነው እንጂ ደህና ነው።»

ከዚያ ምንጩ ዝም አለ። ውሃው ይወርዳል፤ ድምፅ ግን የለውም። ከገደሉ ስር ጉም ተነሳ፤ ያለ ሰዓቱ፣ ያለ ነፋስ፣ ጥዶቹን አንድ በአንድ እየዋጠ ወደ እኛ መጣ። ትርንጎ ዘወር ብላ «አያ እርጥቡ፣ ይሄ ጓደኛዬ ነው። ፈሪ ነው እንጂ ክፉ አይደለም» አለች።

ያየሁትን እንደሆነ አድርጌ ልጽፈው ብዙ ጊዜ ሞክሬ ትቼዋለሁ። ቁመቱ ጥጃ ያክላል። ከጥዶቹ ላይ እንደሚንዠረገገው የዛፍ ሽበት ያለ አረንጓዴ ጠጉር ከራሱ እስከ ጉልበቱ ይወርዳል፤ ከጉልበቱ በታች ያለው እግር ይሁን ውሃ አልለየሁም። ፊቱ የዝንጀሮም የሽማግሌም ይመስላል። ዓይኑ ግን የሕፃን ዓይን ነው፤ ይበልጥ ያስፈራኝም እሱ ነው። ወደ እኔ አንድ እርምጃ መጣና እንደ ተመታ ሰው ወደ ኋላ ተመለሰ።

«መርፌህ ያመዋል፣ ራቅ በል» አለችኝ ትርንጎ።

ራቅኩ። ማንም እንዲህ ያለ ትእዛዝ በደስታ ፈጽሞ አያውቅም። ከጥድ ጀርባ ሆኜ ሳይ እንስራዋን ሞላች፣ አፉን በቅጠል ወተፈች፣ ገመዱን በትከሻዋ አሳለፈች። ያ ነገር ከኋላዋ ዞሮ በሁለት እጁ እንስራውን ደግፎ አነሳላት። ዳገቱንም ስትወጣ እጁ ከእንስራው ስር አልተለየም፤ ጉሙ እስካለበት ድረስ ተከተላት። ትርንጎ እያንጎራጎረች ትወጣለች። እኔ ምንም ሳልሸከም አለከልካለሁ።

ለማንም አልተናገርኩም። ስለ ታማኝነት አይምሰላችሁ፤ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሲባል እሰማለሁና ብናገረው ቤቴ ድረስ ይመጣብኛል ብዬ ነው። ትርንጎ ግን እንጨት ስንለቅም ወሬውን ታመጣልኛለች። አያ እርጥቡ ተረት ይወዳል። አያ እርጥቡ ነጎድጓድ ያስደነግጠዋል። «ጓደኛሽስ ምን ተረት ይነግረኛል? ብሎኛል» ትለኛለች። ይናገራል እንዴ ብዬ ስጠይቃት፣ «አይናገርም፤ ግን ሲጠይቅ ይታወቃል» ትላለች። አንድ ጊዜ ለምን እንደማትፈራው ጠየቅኳት።

«እፈራዋለሁ እንጂ» አለችኝ። «ግን ሁሉም የሚፈራው ነገር ብቻውን ነው የሚኖረው። እኔም ብቻዬን ነኝ። ምን ይደረግ?»

ይህን ንግግሯን ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንዳሰብኩት አልናገርም።

እያደር ጉንጯ ሞላ። ታንጎራጉራለች። የቀሚሷ ጫፍ በበጋ እንኳን እርጥብ ነው። የቤቱ ሰው ማንሾካሾክ ጀመረ። በዚህ መሀል የወይዘሮ ማዘንጊያ የልጅ ልጅ ቆላ ደርሶ በተመለሰ ሰሞን ታመመ፤ ትኩሳት ያንቀጠቅጠዋል፣ ይቃዣል። ደብተራ ተጠራ። ደብተራው ልጁን አየ፣ ድግምቱን ደገመና «የምንጩ ተጣብቶታል። በቀትር ወደዚያ የሚወርድ ማነው?» አለ።

ሁሉም ወደ ትርንጎ ዞረ። ወይዘሮ ማዘንጊያ «እኔ መቼ በቀትር ውረጂ አልኳት? ራሷ ናት የለመደችው» አሉ። እናቴ ወፍጮው ላይ እንደጎነበሰች ቀና ብላ አየቻቸው፤ ከዚያ መልሳ መፍጨት ጀመረች። የሚበላ ልጅ ነበራታ።

የደብተራው መድኃኒት ይህ ነው። በቀትር ሁላችንም እንወርዳለን። የማረሻ ብረት በእሳት እስኪቀላ ይግላል። ትርንጎ ቆሎውን ድንጋዩ ላይ አኑራ በለመደችው ስም ትጠራዋለች። ሲመጣ የጋለው ማረሻ የምንጩ ዓይን ላይ ይተከላል፤ እሱም እዚያው ይቀራል። ትርንጎ እንቢ አለች። ወይዘሮ ማዘንጊያ ድምፃቸውን ሳያነሱ «እንግዲያውስ ነገ ወደ ቆላ ለሚወርደው ነጋዴ እሰጥሻለሁ። ከባሕር ማዶ የሚጠይቅሽ የለም» አሏት። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ሲገረጣ አየሁ። አባቷን የበላው ቆላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውንም ከነጋዴ ወሬ ሰምታለች። የሄደ አይመለስም።

በማግሥቱ በቀትር ወረድን። ደብተራው ፊት፣ ወይዘሮ ማዘንጊያ በበቅሎ፣ ሁለት አሽከሮች ማረሻውንና የአንጥረኛ ጉጠት ይዘው። ትርንጎ እንደ ዘወትሩ እንስራዋን አዝላለች፤ እንደ ልማዷ ካልወረደች ባለቤቱ አይመጣም ብሎ ያሸከማት ደብተራው ነው። እኔ ከሰል አስይዘውኛል፤ ኋላዬን እያየሁ ስራመድ ከሰሉ በየመንገዱ ይንጠባጠባል። እሳት ተቀጣጠለ። ማረሻው መጀመሪያ ጠቆረ፣ ከዚያ ቀላ። አሽከሩ በጉጠት ይዞት ከምንጩ ዓይን በላይ ቆመ። የትርንጎን ወገብ በገመድ አስረው ጫፉን ሌላኛው አሽከር ያዘ። ወይዘሮ ማዘንጊያ በእጇ እፍኝ ቆሎ አኖሩላት።

«ጥሪው» አለ ደብተራው።

ትርንጎ ድንጋዩን አየች፣ እጇን አየች። እንደምትጠራው እርግጠኛ ነበርኩ። በእሷ ቦታ ብሆን ስሙን ከነአባቱ ስም እጠራላቸው ነበር። እሷ ግን ከእፍኟ አንድ ፍሬ አነሳችና ወደ አፏ ከተተች። ደግሞ ሌላ። ቀስ ብላ፣ እያላመጠች፣ ፊት ለፊታቸው በላችው።

«የባለቤቱ ነው! ምን ታደርጊያለሽ?» አሉ ወይዘሮ ማዘንጊያ።

«አዎ፣ የባለቤቱ ነው» አለች። መብላቷን አላቆመችም። «ከድርሻው የበላ ወገኑ ነው ትሉ የለ? እኔ በላሁ። ወገኑ እኔ ነኝ። ብረቱን እኔ ላይ ትከሉት።»

ከማተቧ በታች ደረቷን አሳየች።

ደብተራው ማተቧን ያያል፣ ብረቱን ያያል። ክርስትና በተነሳች ልጅ ላይ የጋለ ብረት መትከል ነፍስ መግደል ነው፤ ካልተከለ ደግሞ የባለቤቱ ወገን አጠገቡ ቆሟል። በዚህ መካከል ምንጩ ዝም አለ። ወይዘሮ ማዘንጊያ የውሃው ድምፅ ሲጠፋ በቅሎዋን አዞሩ። ጉሙ ከገደሉ ተነስቶ ጥዶቹን ዋጠ፣ እሳቱን ዋጠ። ገመዱን የያዘው ለቀቀ። ብረት የያዘው አሽከር ጉጠቱን ጥሎ ሮጠ፤ ማረሻው እየተንከባለለ የምንጩ ዓይን ውስጥ ገባ።

ውሃው ጮኸ። የጋለ ብረት ውሃ ሲነካ የሚያሰማውን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ያ ግን እሱ አልነበረም፤ ከሱ ስር ሌላ ጩኸት ነበረበት። እኔ አልሮጥኩም። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፣ እግሬ እምቢ ብሎኝ ነው። ትርንጎ እጇን ከትታ ማረሻውን ልታወጣ ታገለች፤ መዳፏ ተቃጠለ፣ ብረቱ ግን በድንጋይ መሀል ተቀርቅሯል። ጉሙ መሳሳት ጀመረ። ከጉሙ ውስጥ ያ ጥጃ የሚያክለው እያነሰ፣ እየቀጠነ ሄዶ ከውሃው ዳር ተኮራመተ።

«ብረት ካለበት መኖር አይችልም» አለችኝ እያለቀሰች። «ገብሬ፣ እንስራውን አቅርብልኝ።»

እንስራውን አቀረብኩ። በቅል ቀዳችው፤ ውሃውን ይሁን እሱን አላውቅም፣ ብቻ በየቅሉ ውስጥ ያ አረንጓዴ ጠጉር ይንሳፈፍ ነበር። አፉን በቅጠል ወተፈችና ገመዱን በትከሻዋ አሳለፈች። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ። ሁልጊዜ ከኋላ የሚያነሳላት እሱ ነው፤ አሁን ግን እሱ እንስራው ውስጥ ነው።

«አንሳልኝ» አለች። «መርፌህን ግን አውልቅ።»

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ክፉ ቀን መጣ፣ ጅብ በቀን ሰው ሲበላ አየሁ፤ ያን ያህል አልፈራሁም። ያቺ መርፌ እናቴ ናት፣ እንቅልፌ ናት። አሽከሮቹ ከላይ ሲጯጯሁ ይሰማል፤ ቢመለሱ ትርንጎ ወደ ቆላ ትወርዳለች። የመርፌውን ማሰሪያ በጥርሴ በጠስኩትና ወደ ገደሉ ወረወርኩት። እጄን ከእንስራው ስር አስገብቼ አነሳሁ። ሸክላው እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፤ ከውስጥ አንድ ነገር በትንሽ ጣት እንደሚነካ ሰው ዳበሰኝ። አልለቀቅሁትም።

ትርንጎ ወደ ቤቱ ዳገት አልወጣችም። በገደሉ አፋፍ የፍየል መንገድ ይዛ፣ ከእንስራው በታች ጎብጣ፣ ወደ ሰሜን ሄደች። እሱ ሸክሟን ሲያቀልላት ኖረ፤ ዛሬ የሚያቀልላት የለም፣ ሸክሙ ራሱ እሱ ነውና። ዘወር ብላ «ፈሪ፣ ደህና ሁን» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ አሽከሮቹ አመሻሹ ላይ ጠጥተው ጋኔኑን እንዴት እንደገደሉት ይፎክሩ ነበር። የወይዘሮ ማዘንጊያ የልጅ ልጅ ድኖ ተነሳ፤ ከቆላ ያመጣው ንዳድ ነበር። ምንጩ ግን በዚያው ዓመት ደረቀ። ንጉሡ ወደ እንጦጦ ሲሄዱ ሰው ሁሉ የየራሱን ምክንያት ያወራል፤ እኔ የማውቀውን አውቃለሁ፣ ማንም ስላልጠየቀኝ ዝም ብያለሁ።

እንግዲህ መልእክቱ። በግ ነጋዴው እንደነገረኝ ትርንጎ ያኔ በየደጀ ሰላሙ እያደረች፣ በየቤቱ የእግዜር እንግዳ እያለች መዘዞ ደርሳ፣ እንስራዋን ከአንድ ደረቅ ድንጋይ ስር ገለበጠችው። እዚያ ምንጭ ፈለቀ። ቤቷን አጠገቡ ሠራች፣ ወልዳ ከበደች። ከምንጩ አጠገብ ቢላ እንኳን አታስደርስም ነበር። ልትሞት ስትል መዳፏ ላይ ያለውን የድሮ ጠባሳ እያሻሸች እንዲህ አለችው፦ «ለዚያ ፈሪ ንገርልኝ። አያ እርጥቡ ብቻውን ቀረ። ቆሎ የሚያኖርለት ሞልቷል፤ የሚያጫውተው ግን የለም። ብረቱን አውልቆ ይምጣ።»

ለብዙ ቀን አልሄድም አልኩ። ሽማግሌ ነኝ፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ጉልበቴ ታሟል፤ ምክንያት አላጣም። በመጨረሻ የሄድኩት ሁሉም የሚፈራው ነገር ብቻውን ነው የሚኖረው ያለችው እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው። የሄድኩባትን በቅሎ ከነልጓሟ፣ ካራዬን ከነአፎቱ በግ ነጋዴው ቤት ትቼ፣ በቀትር ብቻዬን ወደ ምንጩ ወረድኩ። መቃብሯ ከላይ ካለው ደብር ይታያል። ድንጋዩ ላይ ቆሎ አኖርኩ። ትንሽ አሰብኩና ግማሹን ራሴ በላሁ።

ምንጩ ዝም አለ።

«አያ እርጥቡ» አልኩ፣ ድምፄ እንደ ልጅነቴ እየተርበተበተ። «ገብሬ ነኝ፣ ፈሪው። ስለ እሷ የማውቀውን ልነግርህ ነው የመጣሁት።» አጎቷ ፊቱን ሳያዞር ከሄደበት ቀን ጀምሬ እስከዚያች የፍየል መንገድ ድረስ ነገርኩት። ዓይኔን አልገለጥኩም፤ ጉሙ ፊቴን ሲያረጥበው፣ አንድ ነገር ከጎኔ ቁጭ ብሎ ሲያዳምጥ ተሰማኝ። ስጨርስ ልነሳ ብሞክር ጉልበቴ እምቢ አለ። ያን ጊዜ ከኋላዬ ሁለት ቀዝቃዛ እጆች፣ እንስራ እንደሚነሳ፣ ቀስ አድርገው ደግፈው አነሱኝ፤ ዳገቱንም እስክጨርስ ድረስ ከጀርባዬ አልተለዩም።